እርግቦቹ የሚያውቁት ካፖርት

ወደ እርግብ ቤቱ የሚገባ ሰው አስቀድሞ በሩን ያንኳኳል። በጣቱ አንጓ፣ በቀስታ፣ ደጋግሞ ያንኳኳና ጥቂት ይቆማል። በቴድኒ ግቢ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ኦልዌን ግን ከተራራው ማዶ፣ ከዌልስ በኩል የመጣች ሙሽራ ስለነበረች አላወቀችም። በተጋቡ ማግስት ባሏ ሄድሊ ፕሮሰር እጇን ይዞ ወስዶ ከዚያች ዝቅተኛ በር ፊት አቆማት። ሲያንኳኳ አየችውና ግራ ገባት።

"ውስጥ ሰው አለ እንዴ?" አለችው።

"ሰው ቢኖርማ ዝም ብዬ እገባ ነበር" አላት።

እርግብ ቤቱ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ በፖም ዛፎቹ መካከል የቆመ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ጌቶች ከነአሽከሮቻቸው እዚያ ይኖሩ በነበሩበት በጥንቱ ዘመን የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ክረምት ገብቶ ትኩስ ሥጋ ሲጠፋ የጌቶቹን ማዕድ የሚሞላው ይህ ቤት ነበር። ትልቁ ቤት ተቃጥሎ ተሠርቷል፣ ፈርሶም ተሠርቷል፤ እርግብ ቤቱ ግን እንደ ጥንቱ አለ። ግድግዳው ከክንድ ይወፍራል። የውስጥ ፊቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ በየረድፉ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት እርግብ ትታቀፋለች። መሃል ላይ ቀጥ ያለ ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ጋር የተያያዘው መሰላል በጣት ሲገፉት ሰው እንደተሸከመ ክፍሉን ቀስ ብሎ ይዞራል።

ከበሩ ውስጥ በስተቀኝ አንድ ሚስማር፣ በሚስማሩ ላይ ደግሞ አንድ ካፖርት ነበር። ቀድሞ ቡናማ ነበር ይባላል። ኦልዌን ባየችው ጊዜ ግን ስም የሌለው ቀለም ይዞ ነበር። የሄድሊ አያት ለብሰውታል፣ አባቱ ለብሰውታል፣ አሁን ተራው የሄድሊ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው ካፖርቱን ሳይለብስ አንድ እርምጃ አይራመድም። እርግቦቹ የሚያውቁት ሰውየውን ሳይሆን ካፖርቱን ነው ይሉ ነበር የሄድሊ አባት። እንግዳ ነገር ካዩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ እንቁላሉ ይረግፋል፣ የዚያ ወር ጫጩት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ካፖርቱ ይጠገናል፣ አዝራሩ ይተከላል፣ ክርኑ ይጣፋል እንጂ አይታጠብም። ከአያትየው ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም።

ኦልዌን መጀመሪያ ላይ ይህን የባሎች ወሬ አድርጋ ወስዳው ነበር። ከዚያ ልጃቸው ማሪየን የተወለደች ዓመት በክረምቱ ሄድሊን የሳንባ ምች ጣለው። አባቱ ሞተዋል፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ጥራጥሬውን በባልዲ ይዛ ሄደች፣ አንኳኳች፣ ቆመች፣ ገብታም ካፖርቱን ለበሰች። ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ፣ እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። እርግቦቹ በአንድ ዓይናቸው ዘወር ብለው አዩዋትና ጉርጉርታቸውን ቀጠሉ። አንዷም ክንፏን አላነሳችም። ቤቷ ገብታ ለሄድሊ ስትነግረው፣ እየሳለ፣ "እንግዲህ ፕሮሰር ሆነሻል" አላት። በቤተ ክርስቲያን ከተባለላት ቃል ሁሉ ይልቅ ይህን ነበር ለረጅም ጊዜ የምታስታውሰው።

እንዲህ ኖሩ። ሄድሊ የግቢውን አትክልት ይኮተኩታል፣ ፖሙን ያወርዳል፣ እርግቦቹን ይጠብቃል። እሷ በትልቁ ቤት ወጥ ቤት ትረዳለች። የሚኖሩባት ጎጆ የግቢው ነች፤ ሥራው ካለ ቤቱ አለ፣ ሥራው ከሌለ ቤቱም የለም። የግቢው ባለቤት ሚስ ቮን ያላገቡ፣ ዘመድ የጨረሱ ሴት ናቸው። እርግብ መብላት ከተውም ዓመታት አልፈዋል፤ ሲበርሩ ማየት ብቻ ይወዱ ነበር። ማሪየን አድጋ ኮቨንትሪ ከተማ ገባች፣ አገባች፣ ለገናና ለፋሲካ ትመጣ ጀመር።

መርሳቱ የጀመረው በትንሹ ነበር። ሄድሊ መሰላሉን ዛፍ ላይ ትቶ ይመጣል። ገበያ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱም ይስቁበት ነበር። ቆይቶ ማሪየንን በሞተችው እኅቱ ስም ጠራት። ከዚያ አንድ ቀን እራት በልተው ኦልዌን ሳህኑን ስታነሳ ቀና ብሎ አያትና በትሕትና፣ "እሜቴ፣ አውቶቡስዎ አያመልጥዎትም?" አላት። ያን ቀን አልሳቀችም። ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ መልሳም አጠበችው።

እርግብ ቤቱን ግን አልረሳም። ሌላው ሁሉ ከእጁ ሲያመልጥ እሱ ቀረለት። በየማለዳው በፖም ዛፎቹ መካከል እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ጥራጥሬውን በትኖ ሲያበቃ ከመሰላሉ ታችኛው ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ኦልዌን የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ከውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጥና የእርግቦቹን ጉርጉርታ፣ አልፎ አልፎም የእሱን ዝቅ ያለ ድምፅ ትሰማለች። ምን እንደሚላቸው አይለይም።

ከዚያ ይወጣል። ሲወጣ እሷን ያውቃታል።

ለምን እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀ፣ እሷም አልጠየቀች። ብቻ ከዚያች በር ቀና ብሎ ሲወጣ ፊቱ የድሮው ፊት ይሆናል። "ኦልዌን፣ ላይኛው ረድፍ ታቅፏል" ይላታል። ወይም "ኦልዌን፣ እጅሽ በርዷል" ይላታል። ከእርግብ ቤቱ እስከ ጎጆዋ ደጃፍ ክንዷን ይዞ ባልና ሚስት ሆነው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን ደጃፉ ላይ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቀን ሻይ እስኪፈላ ይቆያል። እሷ መንገዱን ማርዘም ለመደች። አንድ ጊዜ በጉድጓዱ በኩል፣ አንድ ጊዜ በአጥሩ ዙሪያ ትወስደዋለች። ቀኑን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች መንገድ ነበር።

በዚያ የጸደይ ወራት ሄድሊ ካፖርቱን ማውለቅ ተወ። ከእርግብ ቤቱ ለብሶት ይወጣል፣ ለብሶት ይበላል፣ ልታወልቅለት ስትሞክር ጨርቁን በሁለት እጁ ጨምድዶ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ለብሶት መተኛትም ጀመረ። የሦስት ትውልድ የእርግብ ኩስና ላብ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ አንሶላው፣ መጋረጃው፣ ዳቦው ሳይቀር ሸተተ። ኦልዌን አፍንጫዋ ለመደው። የጎረቤቷ የቤሪል ግዊልያም አፍንጫ ግን አልለመደም።

"ስሚኝ፣ ያ ካፖርት ሄድሊን ጥሎ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል አንድ ቀን" አለቻት ቤሪል። "ቄሱም ከሄድሊ የበለጠ ሰላም ይሉታል።"

ኦልዌን ሳቀች። ቤሪል አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አልነበረም። ከሰዓት ከሰዓት ሄድሊን ቤቷ ወስዳ ቴሌቪዥን ላይ የፈረስ እሽቅድምድም እያሳየች ኦልዌንን የምታሳርፋት እሷው ነበረች።

በሚያዝያ ማሪየን ወደ ትልቁ ቤት ስልክ ደወለች። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የወረዳዋን ነርስ ይዤ እመጣለሁ አለች። አባባ እንዴት እንዳለ፣ አንቺም ብቻሽን ትችዪ እንደሆነ ነርሷ ታያለች፤ ከተማ ውስጥ ጥሩ የአረጋውያን ማረፊያ አለ፣ ለማየት ብቻ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም አለች። ኦልዌን "እሺ" አለች፤ ስልኩን ዘግታም ከትልቁ ቤት ኮሪደር ላይ ኮፍያዋን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ሚስ ቮን ደኅና ነሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ደኅና ነኝ ብላ ወጣች።

ለቤሪል ነገረቻት። ቤሪል ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

"እውነቱን ልንገርሽ? ነርሷ በሩን ከፍታ ያንን ሽታ ስታገኝ ሌላ ነገር አትጠይቅም። 'ሴትዮዋ አቅቷታል' ትላለች፣ አለቀ። እሱን እንኳ ንጹሕ አድርገሽ አሳዪያቸው።"

ሐሙስ ከሰዓት ቤሪል ሄድሊን ፈረስ ልታሳየው ወሰደችው። ቀኑ ከወትሮው ሞቅ ያለ ስለነበር በስንት ልመና ካፖርቱን አውልቆ ወንበር ላይ ትቶት ሄደ። ኦልዌን ከካፖርቱ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ሳታውቅ አደረገችው ማለት አይቻልም። ታውቃለች። ለብሳው ገብታ በዓይኗ አይታለች። ነገር ግን ሰው የፈራ ጊዜ ራሱን የሚያሳምንበት አያጣም። ቅርጹ ያው ነው አለች በልቧ። አዝራሩ ያው ነው፣ ጣፋው ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ሰውም ያው ሄድሊ ነው። እርግቦቹ ደግሞ ስንት ዓመት ያውቁታል። ትልቁን ገንዳ አወጣች፣ ሶዳና ሳሙና ጨመረች። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ደፋችው፣ ቀየረች፣ ደገመች። ክንዷ እስኪዝል አሸች። በመጨረሻ ከምድጃው አጠገብ ስትሰቅለው ካፖርቱ የደረቀ ሣር ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ቤቱም የሳሙና ሽታ ሸተተ። ደስ አላት። ለብዙ ሳምንት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ፤ ካፖርቱም ገና እርጥብ ነበርና ሄድሊ ከቤት አልወጣም። ጥራጥሬውን ቤሪል ከውጭ በደጃፉ በተነችላቸው። ቅዳሜ ማለዳ ኦልዌን ካፖርቱን አለበሰችው። ኮሌታውን ወደ አፍንጫው አቀረበና አሸተተ።

"የማን ነው?"

"ያንተ ነው ሄድሊ።"

አመናት። ስሟን ባያውቅ እንኳ እሷን ማመን አልተወም ነበር።

ማሪየንና ነርሷ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ነርሷ ወጣት፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች። ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ኬክ ቀረበ። ሄድሊ ተላጭቷል፣ ጸጉሩ ተበጥሯል፣ ሲጠይቁት "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ነርሷ ወጥ ቤቱን ዞር ብላ አየች፤ ምንም አልጻፈች። ማሪየን እናቷን በጠረጴዛው ሥር እጇን ጨበጥ አደረገቻት። ኦልዌን የልብ ልብ ተሰማት። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

"ይልቅ ከእርግቦቹ ጋር ብታዩት" አለች። "እዚያ ሌላ ሰው ነው። ሲወጣ ያወራችኋል፣ በስማችሁ ይጠራችኋል።"

ተከትለውት ሄዱ። የፖም ዛፎቹ አበባ አውጥተው ነበር። ሄድሊ ከበሩ ፊት ቆመ፣ በጣቱ አንጓ አንኳኳ፣ ጠበቀ። ነርሷ ወደ ማሪየን ዞር ብላ ፈገግ አለች። ጎንበስ ብሎ ገባ።

መጀመሪያ የተሰማው ዝምታ ነበር። ጉርጉርታው ቀጥ አለ። ከዚያ የክንፍ ድምፅ መጣ፤ እንደ ናዳ ነበር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ። ጠባቡ ቤት ውስጥ እርስ በርስ፣ ከግድግዳውም ከመሰላሉም እየተጋጩ በጣሪያው አናት ባለችው ቀዳዳ ለመውጣት ተጨናነቁ። ከላይ እየፈሰሱ በፖም ዛፎቹ ላይ ነጭና ግራጫ ሆነው ተበተኑ። በበሩ በኩል አቧራና ላባ ተግተለተለ። ሄድሊ በደመ ነፍስ ቀና ብሎ ሲሸሽ ግንባሩ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። ወጥቶ ሣሩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ደም በቅንድቡ ላይ ይወርዳል፣ በታጠበው ካፖርት ትከሻ ላይ የእንቁላል አስኳል ይንጠባጠባል።

ኦልዌን ሮጣ ያዘችው። ቀና ብሎ አያት።

"አላወቁኝም" አላት። "እሜቴ፣ እኔን እኮ አላወቁኝም።"

ነርሷ ቁስሉን አጠበች፣ አሸገች። ስለ ማረፊያው ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገረች። ማሪየን በመኪናው መስኮት እናቷን ለረጅም ጊዜ እያየች ሄደች።

እርግቦቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ተመለሱ፤ እርግብ ማደሪያውን አይለቅም። ሄድሊ ግን አልተመለሰም። በማለዳው ከቤት ይወጣል፣ የፖሙ ዛፎች ጋ ሲደርስ እግሩ ይተሳሰራል። ኦልዌን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ልታስጠጋው ትሞክራለች፤ ክንዱን አስለቅቆ ወደ ኋላ ይመለሳል። ካፖርቱን ኩሱ ውስጥ አንከባለለችው፣ ከእርግቦቹ ቀዳዳዎች ሥር ቀበረችው፣ ጥራጥሬ አፈሰሰችበት። ብታለብሰው አውልቆ ይጥለዋል። የማያውቀውን ነገር የለበሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ያም የእሷን ቃል አምኖ ነው።

የምትኖርላት መንገድ ቀረች። በዚያ በር ካልወጣ ፊቱ አይመለስም። ስሟን ያን ቅዳሜ ሳይጠራው ቀረ፣ ከዚያም ወዲህ አልጠራውም። ቀን ቀን መሄጃ የሚፈልግ ሆነ። አጥር ይዘላል፣ የሰው በር ይከፍታል፣ የሚሄድበትን ሲጠይቁት ግራ ገብቶት ያለቅሳል። ግንቦት ላይ ቤሪል ከወንዙ ዳር፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ጎትታ አወጣችው፣ በራሷ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችው። ያን ቀን ቤሪል አልቀለደችም። ኦልዌን ራሷ ወደ ትልቁ ቤት ሄዳ ለማሪየን ደወለች።

ወደ ማረፊያው በሚወስዱት ቀን ጠዋት፣ ሻንጣው ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ ኦልዌን ከወንበሩ ፊት በርከክ ብላ ሁለት እጁን ያዘች። ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው። እኔ ነኝ ያጠብኩት አለችው። ካፖርቱን እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ቤት እንድትቀርልኝ ብዬ ነው አለችው። ሄድሊ በጥሞና ሰማት። ከዚያ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

"ለካፖርትማ አያልቅሱ" አላት። "ባለቤቴ መስፋት ታውቃለች፣ ታስተካክልልዎታለች።"

ከሄደ በኋላ ሚስ ቮን አስጠሯት። አሮጊቷ በወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቃሉን እየፈለጉ፣ እርግቦቹን አንቺ ብትይዢልኝ፣ ጎጆዋ ያንቺ ትሆናለች፣ እስክትሞቺ ማንም አይነካሽም አሏት። ደግ ነገር ነበር። ኦልዌን አመሰገነቻቸው፣ አይሆንልኝም አለች። ምክንያቱን አልጠየቋትም። በሰኔ ከሚቀጥለው መንደር አንድ ጎልማሳ ተቀጠረ። የራሱን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ይገባ ጀመር። መጀመሪያ እርግቦቹ ይነሡበት ነበር። መከሩ ሳይገባ ለመዱት።

ኦልዌን ከተማ ገብታ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራየች። ማረፊያው ወጥ ቤት ውስጥ ድንች የሚልጥ ሰው ሲፈልጉ እሷ አለሁ አለች። ማሪየን ይህን ስትሰማ በጣም ተቆጣች። በዚህ ዕድሜሽ፣ ቤትሽን ጥለሽ፣ ለማያውቅሽ ሰው ብላ ጮኸች። ከዚያም አለቀሰች። 

ከሰዓት ሥራዋን ስትጨርስ ሽርጧን አውልቃ ወደ ፀሐይ ክፍሉ ትሄዳለች። ሄድሊ በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ውጭ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ወፍም የለ። ከአጠገቡ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ማን እንደሆነች ይጠይቃታል፣ ወጥ ቤት የምሠራ ነኝ ትለዋለች። አንዳንድ ቀን አይጠይቃትም። ሻይ ሲመጣ ለእያንዳንዱ አንድ ብስኩት ይታደላል።

በኅዳር አንድ ቀን ሄድሊ ብስኩቱን ለሁለት ሰበረ። ግማሹን በላ። ሌላውን ግማሽ ከሳህኑ ዳር አድርጎ በጣቱ ሲጠብቀው ቆየ። ጠረጴዛ የምታነሳዋ ልጅ ልትወስደው ስትል እጇን በቀስታ ገፋው፤ ለሰው ነው አላት። ክፍሉ መጨለም ጀመረ፣ መብራት ተበራ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። በሩን አየ፣ መልሶ ብስኩቱን አየ። ከዚያ ወደ ኦልዌን ዞር አለ።

"ለሚስቴ ነበር" አላት። "ዛሬ የምትመጣ አልመሰለኝም። እርስዎ ይብሉት።"

ወሰደችው። እያየችው በላችው፤ እሱም እስክትጨርስ ድረስ ያያት ነበር።